የዲሪዬ ብቸኛ ካሴት

ሰው ዲሪዬን ሲያነሳ «ሙዚቃ የማይወደው የባቡር ሠራተኛ» ይለዋል። ሰርግ ቤት ዘፈን ሲጀመር ጫማውን አጥልቆ ውልቅ ስለሚል ነው። ሙዚቃ የማይወድ! አቦ፣ ሰው ሳያውቅ ሲፈርድ ያበግናል። ይህ ሙዚቃ አይወድም የምትሉት ሰው አንድ ዘመን ድሬዳዋን ከቀትር እንቅልፏ የሚያባንን ነገር ሠርቷል። ከራሱ ጭንቅላት አውጥቶ ስድስት ዘፈን በአንድ ካሴት ሞልቶ ነበር። ያን ካሴት የሰማውን ሰው ቁጠር ብትሉኝ የአንድ እጄ ጣቶች ይተርፉኛል። ምን እንደደረሰበት ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ስም አውጡለት።

ዲሪዬ የገንደ ቆሬ ልጅ ነው። አባቱ ሐዲድ ሲያነጥፍ ኖሮ ሞተ፤ እሱም ባቡሩ ወርክሾፕ ገብቶ ብረት ሲቀጠቅጥና ሲበይድ ጎለመሰ። ታላቅ ወንድሙ ሰማታር በሶማሌው ጦርነት ጊዜ ጅቡቲ ገብቶ እዚያው ቀረ፤ በፈረንሳይ ወታደሮች ሰፈር ልብስ አጣቢ ሆነ። እናታቸው ሃሊሞ ከዚያ ወዲህ ትልቁን ልጇን በዓይኗ አላየችውም። የምታገኘው ድምፁን ነው፤ እሱንም በካሴት።

ሃሊሞ ፊደል አልቆጠረችም። ብትቆጥርስ፣ በዚያ ዘመን በፖስታ የሄደ ደብዳቤ ማን ማን ከፍቶ እንደሚያነበው አላህ ይወቅ። ስለዚህ እንደ ሰፈሩ ሴት ሁሉ ቴፕ ፊት ቁጭ ትልና የልቧን ታወራለች። ባቡር ላይ የሚሠራው ጎረቤታቸው ሙመድ ካሴቱን በምሳ ዕቃው ውስጥ ሸሽጎ ይወስደዋል። ሰማታር ሰምቶ ሲያበቃ ካሴቱን ይገለብጥና በሌላው ፊት መልሱን ቀድቶ ይልካል። የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም አይደል? ካሴትም እንደዚያው ነው፤ ወሬው ቢያልቅ እንኳ የቀረው ቦታ ዘፈን ተቀድቶበት፣ ጢም ብሎ ሞልቶ ነው የሚላከው። ደግሞ ባዶ ካሴት እንደልብ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ፤ ከስኳር የባሰ ይታጣ ነበር።

ዲሪዬ ጊታር የተማረው ከአብዮቱ በፊት ነው፤ ከዚራ ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በየቅዳሜው ሮክ የሚጫወት ባንድ ነበር። ገና ጎረምሳ ሳለ ሽቦ እየጠቀለለላቸው፣ የተቃጠለ እየጠገነላቸው እግራቸው ሥር ተለጠፈ። አንድ ቀን ጊታር መቺው ሲታመም «አንተ ና ውጣ» አሉት፤ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያውርደው። ጥቂት ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ። ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ሆቴሎቹ ጭር አሉ፣ ጊታር የሚባል ነገር ቀበሌው ኪነት ቡድን ዘንድ ብቻ ቀረ። ዲሪዬም የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብሎ ኪነት ገባ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ምርት ማደግና ስለ ጠላት መውደም ሲከረክር ኖረ።

በ1979 ዓመተ ምሕረት ሰማታር ከመልሱ ጋር ሌላ ካሴት ጨምሮ ላከ። ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። «ወታደሮቹ ጥለውት ነው» ይላል ሰማታር በድምፅ ደብዳቤው መጨረሻ። «ትራሽ ሜታል ይሉታል። እኔ ጆሮዬን አሳመመኝ፤ አንተ ግን እብድ ስለሆንክ ትወደዋለህ።»

ዲሪዬ ከፈተው። ጊታሩ ብረት የሚቆርጥ መጋዝ ነው፤ ድራሙ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ትንፋሽ አይሰጥም፤ ዘፋኙ ደግሞ እንደተበደለ ሰው ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም። ሌላ ሰው ቢሆን ቴፑን ያጠፋው ነበር። ዲሪዬ ሦስቴ ደጋግሞ ሰማና ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ሁሉ ሩጫና ቁጣ ሥር የሚያውቀውን ነገር አገኘው። የከዚራው ሮክ ነው! አሥራ ሁለት ዓመት አፉን ታፍኖ ኖሮ ሲለቁት የጮኸ የድሮው ሮክ።

«ይሄ አዲስ ነገር አይደለም ወላሂ» አለው ለጓደኛው ለክፍሉ። «ሥሩ የድሮው ነው። አሁን ግን ተናዷል።»

ክፍሉ የኪነቱ ድራም መቺ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ሲናገር የማይሰማ፣ ድራም ላይ ሲቀመጥ ግን ሰይጣን የሚሰፍርበት ልጅ። እናቱ የሺአረግ ከመንዝ መጥታ ሳቢያን ሰፈር ጎጆ የቀለሰች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከክፍሉ በቀር ሌላ ዘር የሌላት ሴት ናት። ሦስተኛቸው ቤዝ ጊታር የሚይዘው ልብስ ሰፊው ኢስሃቅ ነው። ሦስቱ ተማከሩ። ዲሪዬ የፈረንጁን ዘፈን መገልበጥ አልፈለገም። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሚስት የለው፣ ቤት የለው፣ የሌላ ሰው ዜማ ሲጫወት ነው ዕድሜው የሄደው። «አንድ ነገር የራሴ ይሁን» አለ። «ከዚያ በኋላ ብሞትም አይቆጨኝ።»

ግን የት ይጫወቱት? መሣሪያው የቀበሌው ነው፤ አዳራሹም የቀበሌው። እዚህ ላይ ድሬዳዋ ራሷ ረዳቻቸው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ድሬ በሯን ትዘጋለች። ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ሹሙም ጠባቂውም የለም። በ1980 ጳጉሜ፣ ለአብዮት በዓል እንለማመዳለን ብለው ቁልፍ ወሰዱና ሦስት ቀትር ተከታትለው ገቡ። ዲሪዬ የፈረንጁን ጊታር የመሰለ የሚሰነጥቅ ድምፅ ለማግኘት የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ሆድ በምላጭ ተረተረው። ማይክራፎኑን ከጣሪያው ማራገቢያ ላይ በሲባጎ አንጠለጠሉት፤ ማራገቢያው እንዳይጮህ ስላጠፉት በዚያ ሐሩር ላባቸው እስከ ጫማቸው ወረደ። ክፍሉ እያንዳንዱን ዘፈን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!» ብሎ እየጮኸ ያስጀምራል። ያ ድምፁ የማይሰማው ልጅ ግድግዳ የሚያራግፍ ጉሮሮ ነበረው ለካ! ሦስት ዘፈን በካሴቱ አንድ ፊት ቀዱ፣ ሦስት ዘፈን በሌላው። የመጨረሻው ከተማዋን ለሁለት ስለሚከፍለው ደረቅ ወንዝ፣ ስለ ደቻቱ ነው፤ «ደረቅ ነው ብለህ አትተኛበት፣ ደቻቱ ሲመጣ አይነግርህም» ይላል።

ያን ሲዘፍኑ ነው የቀበሌው የባህል ኃላፊ በሩ ላይ የደረሰው። ጩኸቱ ከምርቃናው አንስቶት መጥቷል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማና «ይሄ ደረቁ ወንዝ ማነው? በማን ላይ ነው የሚመጣው?» ሲል ጠየቀ። ቀጥሎ የተተረተረውን ድምፅ ማጉያ አየ። ሦስቱንም ከኪነት አባረራቸው። ካሴቱን ግን አላገኘም፤ ዲሪዬ ካልሲው ውስጥ ከትቶታል።

ዲሪዬ ያን ዕለት ደስታው ከመባረሩ በለጠበት። ቤት ገብቶ ካሴቱን ሰማ። ጉድለት ነበረው፤ ኢስሃቅ አንድ ቦታ ስቷል፣ ድምፁ አንዳንዴ ይታነቃል። ቢሆንም የራሱ ነው። አንድ ሙዚቃ ቤት ወስዶ አባዝተህ ሽጥልኝ ቢለው ባለቤቱ ጥቂት ሰምቶ «የሳንሱር ማህተም አለው?» አለው። የለውም። «እንግዲያው አላየሁህም፣ አላየኸኝም» ብሎ መለሰለት። ዲሪዬም ዘመን እስኪለወጥ አስቀምጠዋለሁ ብሎ፣ ማንም ሳያውቅ እንዳይቀዳበት ሁለቱን የካሴቱን ጥርሶች ሰበረና አልጋው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ከተተው። ሌላ ቅጂ የለውም። የፈረንጁን ካሴት ወርክሾፕ ካለው የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው።

አሁን መራራው ይመጣል። የኪነት ልጆችን ለብሔራዊ ውትድርና አይመለምሏቸውም ነበር፤ ለበዓል ይፈለጋሉ። የክፍሉ ጥላ ያ ብቻ ነበር። ከተባረረ በሁለት ወሩ ቀበሌው ኮታ ሙላ ተባለ፤ ክፍሉን የእናቱን የስኳር ካርድ እንደያዘ ከቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ አነሱት። ኢስሃቅ ይህን ሲሰማ አላደረም፤ በጀልዴሳ በኩል ከግመል ነጂዎች ጋር ወደ ጅቡቲ እግሬ አውጪኝ አለ። ዲሪዬ የባቡር ሠራተኛ ስለሆነ ማንም አልነካውም። እሱ ግን ያውቃል። ድምፅ ማጉያውን የተረተረው ማነው? ልጁን ቀትር ላይ አዳራሽ የጎተተው ማነው? የሺአረግን መንገድ ላይ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር። ካሴቱንም ከዚያ ወዲህ አልከፈተውም፤ ያ «አንድ፣ ሁለት» የሚለውን ድምፅ መስማት አቃተው።

መርዶው በ1982 ታኅሣሥ ደረሰ። ከሰሜን ቆስሎ የተመለሰ የሳቢያን ልጅ ነው ወሬውን ያመጣው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያንሾካሽክ የሰነበተውን የሺአረግ መጨረሻ ላይ ሰማች። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። ያላት ለመታወቂያ የተነሳት አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት።

ለቅሶው ላይ፣ አንድ ማጽናናት የፈለገ ሰው «ክፍሉ እኮ ዲሪዬ ጋ ካሴት ላይ አለ፤ ሲጮህ፣ ድራም ሲመታ» ብሎ ነገራት። አርባው ካለፈ በኋላ፣ አንድ እሑድ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ገንደ ቆሬ መጣች።

«ዲሪዬ፣ ድምፁን አሰማኝ» አለችው ገና በሩ ላይ ሆና። «ፎቶውን ሳየው ዝም ይለኛል። ድምፁ ሊጠፋብኝ ነው፤ ሌት ተኝቼ ላስታውሰው ብል እየራቀኝ ሄደ። አንተ ጋ አለ አሉኝ። አለ?»

«አለ፣ እማማ የሺ። አለ» አላት። በልቡ ምን አለ መሰላችሁ? ቢያንስ ይህን እከፍላታለሁ፤ ልጇን ባልመልስላት ድምፁን እመልስላታለሁ አለ። ካርቶኑን ስቦ ከፈተ። የቁርዓኑ ካሴት አለ፣ የሶማሊኛ ዘፈኖቹ አሉ። የሱ ካሴት የለም።

«ሆዮ!» ሲል እናቱን ተጣራ። «እዚህ የነበረችው ካሴት የታለች?»

ሃሊሞ ከጓዳ ብቅ አለች። «የተበላሸችው?»

«ምን የተበላሸች?»

«ያቺ የምትንቋቋው! ሰማታር ጋ ላክኋት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ዓይሻ አካባቢ ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ ዲሪዬ ለጥገና አምስት ቀን ሄዶ ነበር። በዚያው ሰሞን ሃሊሞ ደብዳቤ የምትልክበትን ካሴት ቴፑ ነክሶ ክሩን በላባት። ሙመድ ደግሞ ከቀትር በኋላ ወደ ጅቡቲ ሊነሳ ነው። የልጇ ካርቶን ውስጥ ገባች። ቁርዓን እንዴት ይነካል! የዘፈኑም ዘፈን ነው፣ ያሳዝናል። ሦስተኛውን ከተተችና ሰማች፤ ክርርር፣ ድብልቅልቅ፣ ጩኸት! «ውይ፣ ይሄስ ሞቷል» አለች። ጥርሶቹ መሰበራቸውን አየች፤ ያ ደግሞ ማንን ሊያስቆም? ጥርስ የተሰበረ ካሴት ላይ እንዴት እንደሚቀዳ የማያውቅ አሮጊት ድሬ ውስጥ የለም። ቀዳዳዎቹን በወረቀት ጠቀጠቀችና ቀይዋን ቁልፍ ተጭና «ሰማታር ልጄ፣ እንዴት ነህ?» ብላ ጀመረች። ሃሊሞ ወሬ ከጀመረች የሚያስቆማት የካሴቱ ማለቅ ብቻ ነው።

ዲሪዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የሺአረግ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሃሊሞን ታያለች።

«ምነው? ጠፋ?» አለች።

አዎ ብሎ ቢገላገል ኖሮ! ግን አንድ ተስፋ ነበረችው፤ ሃሊሞ የሞላችው አንዱን ፊት ነው፣ በሌላው ሦስት ዘፈን ገና አለ። ሰማታር መልሱን ካልቀዳበት ክፍሉ አልጠፋም። «ጅቡቲ ነው ያለው። ባቡሩ ሲመለስ ይመጣል፤ በሳምንቱ እሑድ ነይ» አላት። በማግስቱ ሙመድን ለባቡሩ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ያዘው። «ሰማታርን ንገረው፣ በአላህ ብለህ ንገረው፣ ሁለተኛውን ፊት እንዳይነካው! እንዳለ ይላከው!»

«አብሽር» አለ ሙመድ።

ያን ሳምንት ዲሪዬ እንዴት እንዳሳለፈው አትጠይቁኝ። ወርክሾፕ ውስጥ መዶሻ ያነሳና ረስቶት ይቆማል። ቅዳሜ ባቡሩ ሲገባ ጣቢያው በር ላይ ነበር። ሙመድ ፊቱን አይቶ ገና ከሩቅ እጁን ዘረጋ። «እኔ ስደርስ ሰማታር ጨርሶ አሽጎ አስቀምጦት ነው ያገኘሁት። ምን ላድርግ፣ ዲሪዬ?»

ሮጦ ቤት ገባ፣ ሁለተኛውን ፊት ከፈተ። «ሆዮ፣ ናፍቆትሽ ገደለኝ» ይላል ሰማታር። ስለ ጅቡቲ ሙቀት ያወራል፣ ስለ ጥርሱ ሕመም ያወራል፣ ሊያገባት ስላሰባት ሴት ያወራል። አሥር ደቂቃ አይሞላም። ዲሪዬ ጠበቀ፤ ወንድሙ ዝም ካለበት ቀጥሎ የኔ ይመጣል ብሎ። ሰማታር ተሰናበተ። ቀጭ አለ። ከዚያ ዘፈን መጣ፤ የጅቡቲ ሬዲዮ ዘፈን፣ ዑድና ታምቡር። አንዱ አለቀ፣ ሌላ ቀጠለ። ካሴቱ እስኪያበቃ ድረስ። ሰማታር ጨዋ ልጅ ነው፤ ለእናቱ ባዶ ቦታ ያለው ካሴት አይልክም።

ሃሊሞ የልጇን ድምፅ ሰምታ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች ትስቃለች። «ሊያገባ ነው! ሰማህ ወይ? ሊያገባ ነው!»

ዲሪዬ በሕይወቱ እናቱ ላይ ጮኾ አያውቅም። ያን ቀን ጮኸ። «የሷን ልጅ አጥፍተሽ የአንቺን ልጅ ቀዳሽበት! የሞተውን ልጅ አጠፋሽው! ያንተን ሥራ አጠፋሁት ብትይኝ ይሁን፣ የኔስ ይቅር፣ ለሷ ምን እላታለሁ? በኔ ምክንያት ነው የተወሰደው፣ ታውቂያለሽ? አሁን ደግሞ ድምፁን ቤታችን ውስጥ ገደልነው!»

ሃሊሞ ሳቋ ከፊቷ ላይ ሳይወርድ ደርቆ ቀረ። «እኔ ጩኸት መስሎኝ ነው» አለች። «ወላሂ፣ የተበላሸ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ዲሪዬ። የባሰ ያቃጠለው ይሄ ነው፤ ክፋት ቢሆን ይጣላት ነበር።

ሃሊሞ ካሴቱን ከቴፑ አወጣችና ደረቷ ላይ ያዘችው። መልሳ ልትሰጠው አልቻለችም፤ ልጇ ያለበት ነው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያኛው የፈረንጁ አለ አይደል? ወርክሾፕ ያለው። እሱን አሰማት» አለች።

«አብደሻል?»

«እኔ እናት አይደለሁም? ካንተ ጋር እየኖርኩ እንኳ የፈረንጁን ካንተ ዘፈን ለይቼ አላወቅሁም። እሷ በምን ትለየዋለች? ምንም የለም ካልካት ባዶዋን ነው የምትመለሰው። ባዶዋን አትመልሳት።»

ዲሪዬ ሌሊቱን ሲረግማት አደረ። ጠዋት ሄዶ ከዕቃ ሳጥኑ የፈረንጁን ካሴት አመጣ።

የሺአረግ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ቴፑ ፊት ተቀመጠች፤ ሃሊሞ አጠገቧ። ዲሪዬ ቁልፉን ተጫነ። ያ መጋዝ ጊታር ቤቱን ሞላው፤ ድራሙ ተነሳ። የሺአረግ መጀመሪያ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ከዚያ እንደገና ተጠጋች፤ ጆሮዋን ቴፑ ላይ ልትለጥፍ ምንም አልቀራት። ዲሪዬ አሁን ታውቀዋለች፣ አሁን «ይሄ ልጄ አይደለም» ትለኛለች ብሎ ይጠብቃል። እንድትለውም ለመነ፤ በውስጡ አላህን ለመነ።

«እሱ ነው» አለች። «ይሄ ድራሙ የሱ ነው። ጠረጴዛ ላይ በማንኪያ እንዲህ ያደርግ ነበር።»

ዘፋኙ ሲጮህ እጇ አፏን ያዘ። «ውይ፣ ተቆጥቷል! እንዲህ ተቆጥቶ ነበር? ቤት ውስጥ እኮ ቃል አይወጣውም፤ ብላ ስለው ይበላል፣ ሂድ ስለው ይሄዳል። ስኳር አምጣልኝ ብዬ ሰልፉ ላይ የላክሁት እኔ ነኝ፣ ዲሪዬ። እኔ ነኝ የላክሁት። በኔ ነው የተቆጣው።»

«አንቺ ምን አደረግሽ!» ሊል አፉን ከፈተ። እኔ ነኝ፣ ከኪነት ያስባረርኩት እኔ ነኝ ሊላት ነበር። ግን ያን ከተናገረ ስለ ካሴቱም ሊናገር ነው። አፉን ዘጋ። ይህን ዝምታውን እስከ ዛሬ ለራሱ ይቅር አላለም።

«ምን እያለ ነው የሚጮኸው? ቃሉ አይገባኝም» አለች የሺአረግ።

ዲሪዬ አላወቀም፤ እሱስ መቼ የፈረንጁን ቋንቋ ያውቃል። ሃሊሞ የሺአረግን እጅ ያዘችና «እናቴ እያለ ነው» አለቻት።

የሺአረግ አነባች፤ ለቅሶ ቤት ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ዲሪዬ ዞረች። «ያንተስ የቱ ነው? አንተ የምትጫወተው?»

የዚህኛው መልስ እንዴት እንደከበደው እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ስድስት ዘፈን የሠራ ሰው ነው። ከሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ነገር ያወጣ ሰው ነው። ጣቱን ወደ ቴፑ ቀሰረና ስሙን እንኳ ወደማያውቀው ሰው ጊታር አመለከተ። «ይሄ» አለ። «የሚቆርጠው።»

«ጎበዝ ነህ» አለችው። «እጅህ ይባረክ።»

ካሴቱን ልስጥሽ ቢላት የምትከፍትበት ቴፕ የላትም። ስለዚህ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ትመጣለች። ደቻቱ የሞላ ዕለት እንኳ በድልድዩ ዞራ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ርሶ መጣች። ሃሊሞ ምንጣፉን ታነጥፍላታለች፤ ከሷ ጋር አንድ ላይ ትቀመጣለች። የሰማታርን ካሴት ግን የሺአረግ ባለችበት አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም። ዲሪዬ ቁልፉን ይጫናል። የሺአረግ ዘፈኖቹን እያወቀቻቸው መጣች፤ ድራሙ የቱ ጋ እንደሚቆም፣ ጩኸቱ የቱ ጋ እንደሚነሳ ታውቃለች፤ ጣቷ ጉልበቷ ላይ ይመታል። የዲሪዬ ስድስት ዘፈኖች ደግሞ ከራሱ ጭንቅላት መጥፋት ጀመሩ። ሊያስታውሳቸው ሲሞክር የፈረንጁ ይቀድመዋል። መጀመሪያ ሁለተኛው ጠፋ፣ ከዚያ አራተኛው። የክፍሉ «አንድ፣ ሁለት» የሚለው ድምፅም እንደዚያው።

ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ አንድ እሑድ፣ ካሴቱ እየተጫወተ ሳለ የሺአረግ ቀና አለች። እንደ ወትሮው አላለቀሰችም፤ ፊቷ ላይ እንዲያውም ኩራት የሚመስል ነገር ነበር።

«ዲሪዬ» አለች። «እኔ ልጄን ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው። ይሄን ባታሰማኝ ኖሮ ዝምተኛ ልጅ ነበረኝ ብዬ እሞት ነበር።»

ዲሪዬ ቀና ብሎ አላያትም። ካሴቱ አለቀና ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተነሳ። አውጥቶ ገለበጠውና መልሶ ከፈተላት።